አሁን ይዝጉት

«ሽልማቱን ከመስጠታችን በፊት፣ ፕሮፌሰር ከሙያቸው ትንሽ ያቋድሱን» አሉ ዲኑ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የዓመቱ ምርጥ የኬሚስትሪ መምህር የተባሉት አዛውንት ወደ ጠረጴዛው ተራመዱ። ሥራው ለጀማሪ ተማሪ የሚሰጥ ነበር፤ ከመስታወቱ ቱቦ ቤዙን በጠብታ እያወረዱ፣ ከታች ያለው፣ ጠቋሚ ቀለም የተጨመረበት አሲድ ፈዛዛ ሮዝ ሲሆን መዝጋት። አንዲት ጠብታ ብታልፍ ፈሳሹ ይደምቃል፤ ሁሉም ነገር ገደል ይገባል። እሳቸው ደግሞ ሮዝን ከውሃ መለየት ካቃታቸው ዓመት አልፏቸዋል፤ ይህንንም ለባለቤታቸው እንኳ ትንፍሽ አላሉም።

ቱቦውን ከፈቱ። ጠብ፣ ጠብ ይላል። ዓይናቸውን ቢያፈጡ ጉም ብቻ ሆነባቸው። «አምላኬ፣ ዛሬን ብቻ አታዋርደኝ» አሉ በልባቸው። ያን ጊዜ ዕቃ ታቀብላቸው የነበረችው ተማሪያቸው፣ አንገቷን እንደደፋች፣ «አሁን ይዝጉት፣ መምህር» አለቻቸው በሹክሹክታ። ዘጉት። ጭብጨባው ቀለጠ።

«በምን አወቅሽ?» አሏት።

«ሁላችንም እናውቃለን። ቤተ ሙከራ ውስጥ ‹ደረሰ! ደረሰ!› እያልን ዓመቱን ሙሉ የጮህነው ለማን ይመስልዎታል?»

እሳቸው የልጅነት ጉጉት መስሏቸው፣ «ቀስ በሉ፣ ገበያ አደረጋችሁት» እያሉ ይቆጧቸው ነበር። ዲኑ ሜዳሊያውን ይዘው ቀረቡ። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ቢቀበሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር፤ ልጅቷም ምስጢሩን ይዛ ትሞታለች እንጂ አታወጣም። አዛውንቱ ግን ማይክራፎኑን አነሱ። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ፣ «ቀለሙን ያየችው እሷ ናት። እኔ አላይም።» ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የሚያጨበጭብ ጠፋ።