ከግድግዳው ወዲህ

ሰውየው መኪና መንዳት ያስተምራል። ተማሪዎቹ በሌለበት «ፍሬን» ይሉታል። መሪው እነሱ እጅ ላይ ቢሆንም፣ እሱ እግሩን በጎኑ ካለው ፍሬን ላይ ለአፍታ አያነሳም።

ሚስቱ የጡት ካንሰር ሕክምናዋን ስትጨርስ ጤና ጣቢያው ቡድን ውስጥ አስገባት። ሕክምና የጨረሱ ሰዎች እየተሰበሰቡ ከዚያ ወዲያ ራሳቸውን እንዴት እንደሚንከባከቡ የሚመካከሩበት ቡድን ነው። ፍሬንም አብሯት ገባ። የትም ብቻዋን ልኳት አያውቅም።

ስብሰባውን ገና ከመጀመሪያው ናቀው። ፀጉር ሠሪዋ ድካም አልለቀኝም ስትል በልቡ ሰነፍ አላት። ጡረተኛዋ መምህርት ስታለቅስ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ትንፋሽ ስበን ቀስ ብለን እናውጣ ሲባል ደግሞ፣ እስከዛሬ ታዲያ በምን ስንኖር ኖሯል ብሎ ሁሉም እስኪሰማው አጉረመረመ።

ቡድኑን የምትመራው ነርስ ሚስቱን ክንድሽ እንዴት ሆነ ብላ ከጠየቀቻት መልሱ የሚመጣው ከእሱ ነው።

«ደህና ነን። ክንዳችን ማታ ማታ ትንሽ ያብጣል እንጂ እንቅልፋችን ሰላም ነው።»

ሚስቱ አፏን ከፈት ታደርግና መልሳ ትገጥመዋለች።

አንድ ቀን ነርሷ በር ላይ ጠበቀችው። እዚህ ልምድዎ ባከነ፣ ጎን ያለው ክፍል ውስጥ ለእርስዎ የሚሆን ቡድን ከፍተናል አለችው። ፍሬን ደረቱን ነፋ። በመጨረሻ ሰው የሚያውቅ ሰው ተገኘ።

ጎን ባለው ክፍል ወንዶች ብቻ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። አንገቱ ግንድ የሚያህል ሥጋ ሻጭ ነገሩን ጀመረ። መድኃኒቱን ስንጀምር ፀጉራችን ርግፍ አለ አለ፤ የራሱ ፀጉር ጆሮውን ሸፍኖታል። ዘበኛው ቀጠለ። እህል አልወርድልን ብሎ ተሰቃየን እያለ ብስኩቱን በላይ በላዩ ይጎርሳል። ፎቶ አንሺው፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እጃችንን ማንሳት አቃተን ሲል በዚያው እጁ መስኮቱን ተንጠራርቶ ከፈተ።

ፍሬን ነገሩ ወለል ብሎ ታየው። እነዚህ ሰዎች እንኳን ካንሰር ጉንፋንም የጎበኛቸው አይመስሉም። ለሻይና ለብስኩት የመጡ አስመሳዮች ናቸው። ሊያጋልጣቸው ቆረጠ።

ከግድግዳው ማዶ አንዲት ሴት ታወራለች። ሕመሙ ይመለስብኛል እያለች እንቅልፍ በዓይኗ እንደማይዞር፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እንደምታነጋ፣ ይህንንም ለማንም ተናግራ እንደማታውቅ ትናገራለች። ቀጥሎ አንድ ነገር አለችና ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። ፍሬን ድምፁን አላወቀውም። ባል የላትም እንዴ ብሎ አሰበ፤ ካላትም ምን ዓይነቱ ድንዝዝ ይሆን።

ተራው ሲደርስ ተነሥቶ ቆመ። እንደ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ አፈጠጠባቸው።

«ከመካከላችሁ እውነት የታመመ ማነው? እስቲ ጠባሳውን ያሳየኝ።»

ዘበኛው ማኘኩን አቆመ። ፎቶ አንሺው አቀረቀረ። ሥጋ ሻጩ ግን የሻይ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብሎ መለሰለት።

«ማናችንም አልታመምንም፣ ጋሼ። እኛም እንደ እርስዎ ሚስቶቻችንን አላስወራ ብለን ከዚያኛው ክፍል የተባረርን ነን።»