እማማ የሺሐረግ ኤሲውን ለምን ያጠፉ ነበር?

"እማዬ፣ ስንቴ ልንገርሽ?! ኤሲውን አታጥፊው!"

ሕዝቅያስ የምሳ ዕቃውን እንኳን ከእጁ ሳያስቀምጥ ነው የጮኸው…

ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተነስቶ ፎርት ዎርዝ፣ ዌርሃውስ ውስጥ ሳጥን ሲያነሳ ውሎ ወደሚኖርበት ቤድፎርድ ሲገባ ቤቱ እንደ ምድጃ ግሎ ጠበቀው። ውጪ መቶ ሰባት ዲግሪ ፋራናይት ነው።

እናቱ እማማ የሺሐረግ እርጥብ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል።

"እሺ ልጄ… አይለመደኝም።"

"ትናንትም እንደዚሁ ነው ያልሽው! ጣሪያው ላይ ሶላር ያስገጠምኩት እኮ ላንቺ ብዬ ነው። ኤሲውን የሚያስነሳው ፀሐይ ነው፣ ፀሐይ! ምን ልትቆጥቢ ነው?"

ፎጣውን ገልብጠው አንገታቸው ላይ መለሱት…

እሱም መልስ አልጠበቀም። ሻወር ወስዶ ተኛ።

(ወገን፣ እኔም ከሺፍት ወጥቼ ነው የምጽፍላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? እኔም ብሆን እጮህ ነበር። ድካም ክፉ ነው…)

ሶ፣ ይሄ ነገር አራት ቀን ቀጠለ።

በአምስተኛው ቀን ሥራ ላይ እያለ ስልኩ ጠራ። የማያውቀው ቁጥር ነው።

ስካም ይሆናል ብሎ ዘጋው።

ድጋሚ ጠራ… አሁንም ዘጋው።

ሦስተኛው ላይ አነሳ።

ሚስተር ዋልተር ነው፣ የጎን ጎረቤታቸው። አምና "ይሄ ፓናል የሰፈሩን መልክ አበላሸ፣ ይነሳልን" ብሎ ለሰፈሩ ኮሚቴ የከሰሳቸው ሽማግሌ!

"እናትህ ወድቀዋል… አምቡላንስ ጠርቻለሁ። ቶሎ ና!"

እንዴት እንደነዳ አያውቅም።

ሆስፒታል ሲደርስ እማማ ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ነቅተዋል። ሐኪሟ "ሙቀት ነው የጣላቸው። ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ አናተርፋቸውም ነበር" አለችው።

ሚስተር ዋልተር ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ያለቅሳል።

"ሰሞኑን የመጣው አውሎ ነፋስ የቤቴን መብራት ካበላሸው ወዲህ፣ የሚጠግን ሰው እስኪመጣ መኪናዬ ውስጥ ኤሲ ከፍቼ ነበር የምውለው" አለው። "እናትህ አዩኝና በአጥሩ ላይ ኤክስቴንሽን አቀበሉኝ። ትንሿን የመስኮት ኤሲዬን በሱ ነው የማስነሳት። ቀን ቀን በረዶ ያለበት ውሃም ይሰጡኝ ነበር… ዛሬ ሲቀሩብኝ በመስኮት ባይ ኪችን ውስጥ ወድቀዋል። ገብቼ ያንተን ቁጥር ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት።"

ሕዝቅያስ እናቱ ጋ ገባ።

"እማዬ… ለሱ ከሰጠሽው ሰጠሽው፣ የራስሽን ለምን ታጠፊያለሽ?"

"ሁለቱ ባንዴ ከተነሳ መብራቱ ድርግም ይላል ብዬ ነዋ! ኮልፌ ተከራይተን በጋራ ቆጣሪ ስንኖር ረሳኸው? ጎረቤት ስቶቭ ሲሰካ እኛ እናጠፋ አልነበር?"

"ሰውዬው እኮ የከሰሰን ነው!"

"አውቃለሁ… ታዲያ ይሙት?"

"እሺ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ልንገርህ ልጄ? ስትገባ ትቆጣለህ… ተቆጥተህ ስትጨርስ ትተኛለህ።"

ሕዝቅያስ ስልኩን አውጥቶ የሶላሩን አፕ አሳያቸው።

"ይኸው እይው… ቀን ቀን ለኛም ለሱም በቅቶ ይተርፋል። ሁለቱም ባንዴ መነሳት ይችሉ ነበር።"

እማማ ስልኩን አዩት፣ አዩትና…

"ውይ! ታዲያ እኔ በከንቱ ነው የተቃጠልኩት?"

ሕዝቅያስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እኔ የገባኝ ይሄ ነው ወገኖቼ… ለእናት ለአባታችን ሁሉን ነገር ገዝተን፣ አስገጥመን፣ "ለምን እንዲህ አደረግሽ?" ብሎ ረጋ ብሎ ለመስማት አምስት ደቂቃ እናጣለን። ደክሞናል፣ አውቃለሁ። እነሱም ዝም የሚሉት ድካማችንን አይተው ነው።

እናንተስ… ዛሬ ከሥራ ስትገቡ መጀመሪያ ከአፋችሁ የወጣው ቃል ምን ነበር? ሳትዋሹ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ…