የማለደ ወረቀት

ጡረታ የወጣው አሥር አለቃ ያርጋል ደባርቅ ውስጥ የሚታወቀው በወረቀቶቹ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ፖሊስ በየጠጅ ቤቱና በየገበያው ይለጥፋቸው የነበሩትን የተፈላጊ ሽፍቶች ማስታወቂያዎች ይሰበስባል። ዳባት ከአንድ ጠጅ ቤት በር ላይ በሞቀ ውኃ እያራሰ የላጠው አለ፤ በርበሬ ተጠቅልሎበት አግኝቶ ያስጣለው አለ። ሰዉ «ያርጋል ሽፍታ ማርባት ጀመረ» እያለ ያሾፍበታል። ቀበሌው የፊውዳል ወረቀት ሁሉ ይቃጠል ሲል ፍራሹ ሥር ሸሸጋቸው። በዚያ ዘመን ሌላው ልጁን ሲደብቅ እሱ የሞቱ ሽፍቶችን ደበቀ።

አንድ ሐሙስ አገርነሽ የምትባል የበየዳ ሴት መጣች። ልጇ አለነ የገበሬ ማኅበር ታጣቂ ነው። ያርጋል ጠመንጃ የያዘ ሰው ቤቱ ሲገባ ስለማይወድ ልጁ ደጅ ቀረ።

«የማለደን ወረቀት እንዲያሳዩኝ ነው የመጣሁ፣ አሥር አለቃ።»

«ምን ይሠራልሻል?»

«ባሌን የገደለው እሱ ነው። ልጄ ያኔ ሆዴ ውስጥ ነበር። የአባቱንም የገዳዩንም መልክ አያውቅ።»

ሳትቀመጥ ነገረችው። ማለደ የባሏ ሚዜ ነበር። ኋላ በእርሻ ወሰን ተጣሉ፤ ማለደ ዳኛ አቁስሎ ሸፈተ። በዓመቱ ባሏ ቆላ ወርዶ ሲመለስ በጥይት ተመትቶ ተገኘ። አሁን ማለደ ከሱዳን ተመልሷል፤ ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ ይወጣል ይባላል። «እኔ አልገደልሁም» ብሎ ሽማግሌ ቢልክም አለነ አልሰማም።

«አንቺ ለምን አታሳዪውም?»

«ነፍስ አባቴ በጣትሽ እንዳትጠቁሚው ብለው ገዝተውኛል። በወረቀት እንዳታሳዪ ግን አላሉም።»

ያርጋል ሳቀ።

«ልፋትሽ ከንቱ ነው። ማለደ ሞቷል። የጣልሁት እኔ ነኝ፤ ማዕረጌንም ያገኘሁት በእሱ ነው። ከቆላ በሚያወጣው የሊማሊሞ ዳገት ላይ ነጋዴ መስሎ፣ ጨው የጫነች አህያ እየነዳ መጣ። ወረቀቱን አውጥቼ ከፊቱ ጋር አስተያየሁት። ድፍረቱ! እጁን አንስቶ ‹እንደምን ዋላችሁ› አለን። ሬሳውን ለጅብ ትተነው ወጣን።»

አገርነሽ ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች።

«ታዲያ ከሱዳን የመጣው ማን ነው?»

«በሞተ ሰው ስም የሚነግድ አንድ ሌባ ይሆናላ! ልጅሽ ያላጠፋ ሰው ገድሎ እንዳይረሸን ብዬ ነው የማሳይሽ።»

ፍራሹን ገልጦ አወጣው። ከሁሉ የሚወደው ይህንን ነው። ፎቶግራፉን ከማለደ እናት ቤት ግድግዳ ላይ ያወረደው ራሱ ነበር። ሁለት ጎረምሶች ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ቆመውበታል። አሮጊቷ አፏን ዘግታ አልናገር ስትለው፣ ያርጋል ካባ የደረበውን፣ ደመቅ ያለውን መርጦ ቆረጠና ለማተሚያ ቤት ላከ። በካባው ላይ የሌላኛው ጣቶች ቀርተዋል።

«ዓይኑን እዪው» አለ ያርጋል። «የነፍሰ ገዳይ ዓይን እኮ ያስታውቃል።»

አገርነሽ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ብዙ ቆየች። ጣቷን በፎቶግራፉ ፊት ላይ አሳለፈች። ከዚያ ሄዳ በሩን ከፈተችው።

«አለነ፣ ከነጠመንጃህ ግባ» አለች። «አባትህን ላሳይህ።»