አሥራ ሁለተኛውን በር ያለፉ

ጨዋታው በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ልጅ ገደለ። መጀመሪያ የዳቦ ጋጋሪውን ልጅ፣ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ልጅ። ሁለቱም አሥራ ሰባት ዓመት አልሞላቸውም። ሁለቱም አሥራ ሁለተኛውን በር ባለፉበት ቅጽበት ከጨዋታ ማሽኑ ሥር ተዘረሩ። ሐኪሙ ልባቸው ቀጥ ብሏል ከማለት በቀር የሚጨምረው አልነበረውም።

ሰፈሩ ግን የሚጨምረው ሞልቶታል። በጨዋታው ውስጥ ከበር በር የምታሳድድ ፊቷን የሸፈነች ሴት አለች። አሥራ ሁለተኛውን በር ያለፈ ፊቷን ያያል፣ ያየ ደግሞ አያድርም ተባለ። የማሽኑን ጎን በስህተት የነኩ ልጆች «ቆነጠጠችኝ» እያሉ ሲሳሳቁ ከርመው ነበር። አሁን የሚስቅ የለም።

የጨዋታ ቤቱን ባለቤት ልጆቹ ጋሽ ጽዱ ይሉታል። ጧት ማታ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል። ጫማ የሚወልቀው በር ላይ ነው። ያን ትልቅ ማሽን ያስመጣ ዕለት ደግሞ የብረት ጎኑ ቀለም እንዳይላጥ መደገፍ ከለከለ። ለአሸናፊ ብቻ ተፈቀደ፤ አሥራ ሁለተኛውን በር ያለፈ ማሽኑን በሁለት እጁ ያቅፋል፣ ቤቱም በጭብጨባ ይናጋል። ልጆቹ ለዚያች እቅፍ ሲሉ ትምህርት ይቀሩ ነበር።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ልጁን ከቀበረ ወዲህ ንዴቱ አልበረደም። ሃያ ዓመት ሙሉ በሰፈሩ ያልገባበት ቤት የለም። ሥራው ፈጣን ነው፤ ሌላው ሦስት ቀን የሚፈጅበትን እሱ በአንድ ቀን ተኩል ይጨርሳል። «በራ? በራ። በቃ አለቀ» ይላል መሰላሉን እያጠፈ። የጽዱንም ቤት መስመር የዘረጋው እሱ ነው። ይበልጥ ያንገበገበውም ይኸው ነበር። ላገኘው ሁሉ መብራት ያስገባሁለት እኔ ነኝ፣ በገዛ መብራቴ ልጄን በላብኝ ይላል። ሰሚው ከንፈሩን ይመጥለታል።

እናትየው አትናደድም፣ አትናገርም። የልጇን ነጭ ሸሚዝ ታጥባለች። ንጹሑን ሸሚዝ እንደገና ትዘፈዝፍና፣ ባሏ ከሥራ በተረፈ ሽቦ ግቢው ውስጥ በዘረጋላት ማስጫ ላይ ትሰቅለዋለች። ሲደርቅ ታወርደዋለች፣ በማግስቱ ደግማ ታጥበዋለች። አባትየው ይህን ባየ ቁጥር መዶሻውን አንስቶ ያን ማሽን ሊከሰክስ ይነሳል፤ ጎረቤት ነው እየያዘ የሚመልሰው።

የቀረችው አንዲት ሴት ልጁ ናት። በሙያ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነች፣ ያውም በእሱ ሙያ። እሷም ተናዳለች፣ የእሷ ንዴት ግን በሰፈሩ ወሬ ነው።

«ጨዋታ ሰው አይገድልም አባዬ» አለችው አንድ ቀን ምሳ ላይ።

«ወንድምሽን ምን ገደለው ታዲያ?»

«እሱን ነው ማወቅ የምፈልገው።»

«እዚያ ቤት እግርሽ ቢረግጥ ልጄ አይደለሽም።»

ሳህኑን ገፍቶ ተነሳ። አንድ ልጅ ቀብሯል። ሁለተኛ የሚቀብርበት አቅም የለውም።

ቅዳሜ ጧት የጎማ ቦት ጫማውን አጣው። የጎማ ጓንቱም ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚፈትሽበት ቴስተሩም ከቦርሳው የሉም። የሰው ዕቃ የሚነካ ማነው እያለ ሲነጫነጭ ዳቦ ጋጋሪው እያለከለከ መጣ። ጽዱ ከልጅህ ሞት ወዲህ የተዘጋውን ቤት ከፍቷል፣ ማሽኑ ፊት የተቀመጠችው ልጅህ ናት አለው። አሥረኛው በር ላይ ደርሳለች።

አባትየው መዶሻውን ይዞ ሮጠ። በሩን በእርግጫ ሲከፍተው ጽዱ ግድግዳ ተደግፎ ላቡን ይጠርጋል። ለምናኝ ነው፣ እኔም ስሜ ከሐሜት እንዲጠራ ብዬ ነው አለ። ጫማሽን አውልቂ ብላት እንኳ አልሰማ አለችኝ ብሎ ጨመረ። ወለሉ እንደ ልማዱ እርጥብ ነበር።

ማሽኑ ላይ አሥራ ሁለተኛው በር ተከፈተ።

«ልጄ፣ እባክሽ ተነሽ» አለ አባትየው። ድምፁ የእሱ አይመስልም።

ተነሳች። ጓንት ባጠለቁ እጆቿ ማሽኑን ግጥም አድርጋ አቀፈችው። አባትየው ዓይኑን ጨፈነ።

ሲገልጥ ቆማለች። አንድ እጇን ከጓንቱ አውጥታ የቴስተሩን ጫፍ የማሽኑ ብረት ላይ አሳረፈች። እጀታው ውስጥ ያለችው ትንሿ አምፖል ፈዘዝ ብላ በራች።

አባትየው ሥራውን ያውቃል። ማሽኑ ውስጥ የተላጠ ሽቦ ብረቱን ነክቷል። በባዶ እግሩ እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ያቀፈው ይሞታል። ደሙ ፈላ። መዶሻውን ጥሎ የጽዱን አንገት አነቀ።

«ጫማ ያስወለቅካቸው አንተ፣ ያሳቀፍካቸው አንተ። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው። ዛሬ ታገኛታለህ።»

በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው ይበለው አለ። ዳቦ ጋጋሪው መዶሻውን ከመሬት አነሳ።

ልጅቷ ቆዩ አለቻቸው። ማሽን ይበላሻል፣ ሲበላሽ ግን ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ ስላለ ሰው አይገድልም፤ ያ ሽቦ ምን እንደሆነ ልይ ብላ ከቆጣሪው ላይ መብራቱን አጠፋች። በካቻቢቴ ማሽኑ የተሰካበትን ሶኬት ክዳን ፈታች።

ከግድግዳው የወጡት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው። ሦስተኛው፣ ወደ መሬት የሚያወርደው ቢጫና አረንጓዴው፣ የለም።

የአባትየው እጅ ከጽዱ አንገት ላይ ላላ።

እቤት፣ እናትየው የደረቀውን ነጭ ሸሚዝ ከቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ላይ እያወረደች ነበር።