የደነዘዘ ሰው ደስተኛ ነው

ፀጉር አስተካካዩ ፊልም ላይ ትሠራለህ ወይ ሲባል መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ራሱ አይደለም።

"ሙሰኞቹ መጨረሻ ላይ ይታሰራሉ?" ነው ያለው።

"ይታሰራሉ እንጂ!" አለ ዳይሬክተሩ፣ ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ ጢሙን እየተላጨ። "ግን መጀመሪያ ሕዝቡን ማደንዘዝ አለባቸው።"

ታሪኩን አጫወተው። አንድ ባለሥልጣን አእምሮ የሚቆጣጠር ዶክተር ይቀጥራል። ዶክተሩ ደወል ሲመታ ሰዉ ሁሉ ይደነዝዛል፤ ባለሥልጣኑም ያገኘውን እየዘረፈ ይከብራል።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ቀረ። ሰፈራቸው ይፈርሳል ተብሎ ከተለካ ሁለት ዓመቱ ነው። አባቱ ድንጋይ በጀርባው ተሸክሞ የሠራው ቤት በር ላይ ቀይ ኤክስ ተቀብቷል። አቤት ያሉበት ቢሮ ሁሉ "ነገ ኑ" ነው መልሱ። ሰዉ መሄድ ሲታክተው፣ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር በሩን ዘግቶ መቀመጥ ጀመረ። ነዋሪው ተሰብስቦ ካልተስማማ ሰፈሩ አይፈርስምና፣ የቀረው አቅም ይሄው ከስብሰባ መቅረት ብቻ ነበር።

"የእኛን ጉድ እኮ ነው የጻፍከው!" አለው ዳይሬክተሩን። "ለዚህማ ሰፈሩን ግልብጥ አድርጌ አመጣልሃለሁ።"

ቤት ለቤት ዞሮ ሰማንያ ሰው አመጣ።

ሚስቱ ብቻ ልቧ አላመነም።

"ዶክተሩን ዓይን ዓይኑን እንዳታየው" አለችው ሸሚዙን እየተኮሰች። "እንዲህ ያለው ሰው እውነተኛ ቢሆንስ?"

"አንቺን ሳገባ የደነዘዝኩት ይበቃኛል።"

"ቀልድ አንተ! ደንዝዘህ መጥተህ ቤቱን ፈርመህ ስትሰጥ እናያለን።"

ሳቀባት። ለልምምድ የተጠሩበት አዳራሽ በር ላይ ሲደርስ ግን አንድ ጆሮውን በጥጥ ወተፈ።

በሩ ላይ መዝገብ የያዘች ልጅ ስም፣ የቤት ቁጥርና ፊርማ ትቀበላለች።

"የቤት ቁጥር ደግሞ ለምን ይሆን?" አሉ ጎረቤትየው፣ ሰፈሩ "ጋሼ ጡረታ" የሚላቸው ሽማግሌ።

"መኪና ቤትዎ ድረስ እንዲያደርስዎት ነው፣ አባቴ።"

"በመኪና! በዚህ ዕድሜዬ አርቲስት ሆንኩ በሉኛ!" ብለው ፈረሙ።

ካሜራው አንድ ነው። ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ተተክሏል። ዶክተሩ ከካሜራው ኋላ ቆሞ ደወል ይመታል። ደወል ሲሰማ ሁሉም ቀኝ እጁን ያወጣል፣ ከዚያ ያጨበጭባል። ልብስም አልተሰጣቸውም፤ የራሳችሁን ልበሱ ተባሉ።

"ፈገግ በሉ!" ይጮሃል ዳይሬክተሩ። "ጋሼ፣ ለቅሶ የመጡ መሰሉኮ! የደነዘዘ ሰው ደስተኛ ነው!"

ሦስት ቀን ተለማመዱ። በሦስተኛው ቀን ፀጉር አስተካካዩ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ እየከረከመ ሳለ፣ በውጭ የሚያልፍ ብስክሌት ደወሉን አንቃጨለ። መቀስ የያዘው እጁ ብድግ አለ።

"ጆሮዬን!" ብሎ ጮኸ ደንበኛው።

ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን እዚያው ጥሎ ወደ አዳራሹ ሮጠ። ዶክተሩን ከጓሮ ሲጋራ ሲያጨስ አገኘውና አንገቱን ያዘው።

"ምን አድርገኸኝ ነው አንተ ሰው?!"

"ኧረ ልቀቀኝ ወንድሜ! እኔ ጫማ ሻጭ ነኝ። የምናገረው ቃል እንኳ አልሰጡኝም። ደወል ምታ አሉኝ፣ እመታለሁ።"

"ታዲያ እጄስ?"

"እጅህማ ለምዶ ነው።"

ነፍሱ መለስ አለችለት። ቢሆንም በቀረጻው ቀን ጥጡን ደርቦ ወተፈ። ደወሉ በተመታ ቁጥር ዓይኑን ከዶክተሩ ላይ አሽሽቶ በልቡ "ቤቴ የእኔ ነው፣ ቤቴ የእኔ ነው" ይላል። ጥርሱ ግን ከሁሉም በልጦ ተገልጧል። ማንም አላደነዘዘውም። ጭንቅላቱ እንደ ምላጩ የሰላ ነበር።

ሲያበቃ ዳይሬክተሩ አቀፈው።

"ያለ አንተ ይሄ ሥራ አይሳካም ነበር።"

"የሚታሰሩበትን መቼ ነው የምንቀርጸው?"

"እሱ ይደርሳል" አለ ዳይሬክተሩ፣ ገመዱን እየጠቀለለ።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ፣ ሱቁ ውስጥ የተሰቀለው ቴሌቪዥን አዳራሹን አሳየ። ከፊት ረድፍ ራሱ አለ፤ እጁ ወደ ላይ፣ ጥርሱ እስከ ጆሮው።

"ኑ! ፊልማችን! ፊልማችን ጀመረ!" ብሎ ደጅ ወጥቶ ጮኸ።

ሚስቱ እጇ አረፋ እንደሆነ መጣች። ጋሼ ጡረታ በአንድ እግር ጫማ ደረሱ። ሱቁ ጢም አለ።

"አየሽ?" አላት። "አልደነዘዝኩም!"

"ዝም በልና ድምፁን ጨምረው!"

ጨመረው። በጆሮው የቀረውንም ጥጥ አወጣ።

"...የሰፈሩ ነዋሪዎች በትናንቱ ስብሰባ እጃቸውን በማውጣትና በፊርማቸው በማረጋገጥ፣ ቤቶቻቸው እንዲፈርሱ በሙሉ ድምፅና በታላቅ ደስታ ወስነዋል" አለች ዜና አንባቢዋ።