የለመደ ሆድ

ሴትየዋ ጤና ጣቢያው ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠውን የለውዝ ቅባት ፓኬት ጫፍ በጥርሷ ቀድዳ ልጇ አፍ ውስጥ ጨመቀችው። ሕፃኗ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ላሰችው።

«አዩልኝ ዶክተር፣ ትበላለች እኮ! እምቢ ብላ አታውቅም።»

ሐኪሟ የክንድ መለኪያውን ጥብጣብ በሕፃኗ ክንድ ላይ አዙራ ጠበቅ አደረገችው። አሁንም ከባድ የምግብ እጥረትን የሚያሳየው ቀዩ ላይ ነው። ጥብጣቡን ሳትፈታ «የምትጠጣው ውሃ ከየት ነው?» አለች።

«ከሐይቁ ነው። መጀመሪያ ተቅማጡ ሊገድላት ነበር፤ አሁን ግን እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሆዷ ለምዶታል።»

«ለምዶታል» ሐይቅ ዳር ጥሬ ዓሣ በአዋዜ እየበላ ያደገ ሰው ሁሉ የሚኮራበት ቃል ነው። እናትየውም አፏን ሞልታ ተናገረችው።

«እውነትሽን ነው፤ ለምዷል» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። «በሽታው ሲመላለስበት አንጀቷ ራሱን ለማትረፍ ብሎ ተለወጠ። ምግቡን የሚመጠው እንደ ፎጣ ጸጉራም የነበረው ውስጡ አልቆ ልሙጥ ሆኗል። ስለዚህ የምትበላው አይዋሃዳትም፤ ዝም ብሎ ያልፋል።»

እናትየው እጇ ላይ የቀረውን ፓኬት አየችው።

«ውሃውን አፍልቼ ብሰጣትስ?»

«አፍዪው» አለች ሐኪሟ።

እናትየው «ትድናለች» የሚለውን ቃል ጠበቀች። ሐኪሟ ግን ጥብጣቡን ፈትታ በጣቷ ላይ ጠቀለለችው። ሕፃኗ ባዶውን ፓኬት ከእናቷ እጅ ጎተተችና፣ በልታ እንደማታውቅ ሁሉ አፏን በሰፊው ከፈተች።