የአጎት ባፉር ውርስ

የአፍራኮማ የልብ ቫልቭ ተቀይሮ፣ ቁስሉ ሊሽር ሲል ሌላ ጣጣ መጣ። ከልቧ ላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚሄደው የመምታት ትእዛዝ ተቋረጠ። አሁን ልቧን የምታስመታው በቀጭን ሽቦ የተያያዘች፣ ራስጌዋ ላይ የተሰቀለች ሳጥን ናት።

«ይቺ ጊዜያዊ ናት» አላት ሐኪሙ። «ቆዳ ሥር የሚቀበር መሣሪያ ያስፈልግሻል። ኩማሲ ከተማን ሁሉ ብናስስ አጣን።»

ወንድሟ ኦሴይ ይህን ሰምቶ ሮጦ ወጣ። በዚያው ቀረ።

በዚያው ሳምንት የእናታቸው ወንድም አጎት ባፉር መኪና ገጭቷቸው ሞተው ነበር። አፍራኮማ ትወዳቸው ነበር። ለንደን ታክመው ከተመለሱ ወዲህ ሰው ሊያቅፋቸው ሲጠጋ «በቀኝ በኩል!» ይሉ ነበር፤ የሽማግሌ አመል። ሰፊ የካካዎ እርሻ ነበራቸው። እንደ አሻንቲ ሕዝብ ደንብ ወራሹ የእህት ልጅ ነው፤ ኦሴይ።

የአክስቷ ልጅ አቺያ የፍየል ሾርባ ይዛ መጣች።

«ወንድምሽ ለየለት! የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ፣ ‹የጠየቅኩትን ካልሰጣችሁኝ አይቀበሩም› አለ።»

«እርሻውን ነዋ! እኔ እዚህ እንደ ፍየል ታስሬ እሱ ካካዎ ይቆጥራል!»

ስትደውልለት «እቴ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ታገሺ» ብሎ ዘጋባት። ንዴቷ ጣራ ነካ። ሽቦው ተንሸራቶ ሁለት ጊዜ ራሷን ሳተች፤ ሁለቱንም ጊዜ ስትነቃ አጠገቧ ያለችው ነርሷ ብቻ ነበረች።

ሮጦ ከወጣ በዘጠነኛው ቀን ኦሴይ የሐዘን ልብሱን እንደለበሰ፣ ዓይኑ ቀልቶ ገባ።

«እርሻውን ለሽማግሌዎቹ ፈርሜ ለቀቅኩ» አለ። «እነሱም የጠየቅኩትን ሰጡኝ።»

«ከእርሻ የሚበልጥ ምን ሰጡህ? ቤቱን? ደግሞ ሳታፍር ትነግረኛለህ!»

እሱ ግን ወደ ሐኪሙ ቢሮ ሄደ።

ከሁለት ቀን በኋላ ሐኪሙ መሣሪያ መገኘቱን ነገራት። «አዲስ አይደለም፤ ግን በደንብ ጸድቷል፣ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል።» እሷም ሐኪሙን መረቀች፤ ወንድሟን ግን ስሙን እንኳ አላነሳችም።

መሣሪያው ግራ ደረቷ ላይ ከአንገት አጥንቷ ዝቅ ብሎ ቆዳዋ ሥር ተቀበረ። ሳጥኗ ተነሣች፤ ልቧ ሳታቋርጥ መታች። ኦሴይ ሊጠይቃት መጥቶ፣ እየፈራ ሊያቅፋት ጎንበስ አለ። እንደ ተቀየመች ናት፤ ግን ወንድም ነውና አልከለከለችውም። ብቻ ቁስሏን በመዳፏ ከለል አድርጋ ጮኸች።

«በቀኝ በኩል!»

«አውቃለሁ» አለ ኦሴይ እንባው እየወረደ፤ «እሳቸውም እንዲህ ይሉኝ ነበር።»